«እናትሽ ሸክም ሆናብሻለች ወይ?» ሲሉኝ «ኧረ በፍጹም» ብዬ አንድ አመት ከመንፈቅ የከሰርኩት

ሰላም ለሁላችሁ። ይሄን የምጽፈው ቤት ውስጥ የመርሳት በሽታ ያለባት እናት ወይ አባት እያስታመሙ ላሉ ሰዎች ነው። ስለ በሽታው ብዙ ሰው ጽፏል፣ እኔ ማወራው ስለ እኛ ስለ አስታማሚዎቹ ነው፣ በተለይ አንድ ቀን ሶሻል ወርከር ወይ ነርስ ደውላ «ዛሬ ስለ እናትሽ ሳይሆን ስላንቺ ልጠይቅሽ ነው» ስትላችሁ ምን ብላችሁ እንደምትመልሱ። እኔ የመጀመሪያውን አበላሽቼዋለሁ፣ ሁለተኛው ላይ ነው የገባኝ።

ምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሥራዬ ነርሲንግ ሆም ውስጥ ጂኤንኤ ነኝ (ሌላ ስቴት ሲኤንኤ የሚሉት፣ ረዳት ነርስ ማለት ነው)፣ አስራ አራት አመት ሆነኝ። እንግዲህ አስቡት፣ ስምንት ሰዓት ሙሉ የሰው እናት ሳጥብ ሳበላ ሳገላብጥ ውዬ ቤቴ ስገባ ያንኑ ሥራ ለእናቴ እሠራለሁ፣ ግን ቤት ያለውን አንድም ቀን «ሥራ» ብዬው አላውቅም። ሥራ ቦታ ከባድ ሰው ከአልጋ የምናነሳው ለሁለት ነው፣ ወገብ ላይ የሚታሰር ቀበቶ አለ፣ ማንሻ ማሽን አለ፣ ብቻሽን ስታነሺ ከታየሽ ይጽፉብሻል። ቤት ግን ብቻዬን ብብቷ ስር እጄን አስገብቼ ብድግ ነው። ወገቤ የት እንደተበላሸ እንኳን ያሰብኩት ስጠየቅ ነው።

እማዬ የደሴ ሰው ናት። በፈረንጅ 2008 ልጄ ገና ዳዴ ሲል ልታሳድግልኝ መጣች፣ በዛው ቀረች። አሳደገችልኝም። ነገሩ የጀመረው በኮሮና ሰሞን ነው መሰለኝ፣ ሁላችንም ቤት ተዘግቶብን ስለነበር ቶሎ አልነቃንም፤ ሽሮው ላይ ጨው ሁለቴ፣ የነገረችህን ወሬ ቡናው ሳይደርስ ደግማ መንገር፣ ስልኳን ፍሪጅ ውስጥ ማስቀመጥ። «እርጅና ነው» አልን። እኔ እንደውም «ጃጀች» የሚለው ቃላችን ራሱ ጎድቶናል እላለሁ፣ ለሁሉም ነገር ስም ስላለን ሀኪም ጋ የሚያስኬድ አይመስለንም፣ ጃጅታ ነው ብለን ጋቢ አልብሰን እናስቀምጣታለን።

ሀኪም ጋ የሄድነው በ2022 ግንቦት ነው። እዚህ ላይ የሠራሁትን ጥፋት ልናገር፣ አስተርጓሚ ያደረግኩት ልጄን ነው። እንግሊዘኛው ከኔ ይሻላል፣ አያቱን ይወዳል፣ ምን ችግር አለው አልኩ። ዶክተሩ «ሽንት ቤት በሰዓቱ ትደርሳለች? ልብሷን ራሷ ትቀይራለች?» ሲል ልጁ አንገቱ ድረስ ቀላ፣ ለእሷም ሳይነግር ለእኔም ሳይነግር ዝም ብሎ «አዎ» አለ። ልጅ ነዋ፣ አያቱን ያዋርድ? በኋላ እንደተረዳሁት ሀኪም ቤቱ ራሱ ባለሙያ አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ አለበት፣ አስቸኳይ ነገር ካልሆነ ደግሞ በህጉ ልጅን እንዲያስተረጉም ማድረግ አይችሉም። ጠይቁ። አማርኛ ለነሱ ብርቅ ቋንቋ አይደለም፣ ዲሲ እንደውም በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ህግ ከምታገለግልባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው።

ፈተናውም ራሱን የቻለ ትርኢት ነበር። ሁለተኛው ቀጠሮ ላይ በስልክ አስተርጓሚ መጣ፣ «ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» ተባለች፣ እማዬ ኮራ ብላ «ግንቦት 10፣ 2014» አለች። ትክክል ነው እኮ! በፈረንጅ ሜይ 18፣ 2022 ነበር። ስህተት ተብሎ ተጻፈ። ቀጥሎ ሰዓት ሳዪ ተባለች፣ ክቡን ሳለች፣ ቁጥሮቹን ትንሽ ወደ አንድ ጎን አጨናንቃ ሞላችው፣ «አስራ አንድ ሰዓት ከአስር አርጊው» ሲላት ትንሹን ዘንግ 5 ላይ አሳረፈችው። ያው በሀበሻ አስራ አንድ ሰዓት የሚሆነው ትንሹ ዘንግ 5 ላይ ሲሆን ነው! ጣልቃ ገብቼ ስናገር ዶክተሩ እስክሪብቶውን አስቀመጠና ሳቀ፣ ውጤቱንም አስተካከለ። በሽታው ግን ነበር፣ አምስት ቃል ነግረዋት ከአምስት ደቂቃ በኋላ አንዱንም አላገኘችውም፣ የራስ ምስሉም ታየ፣ ስሙ ተነገረን፣ አልዛይመር።

እንግዲህ ወደ ዋናው ጉዳይ። በ2023 መጀመሪያ ላይ አንድ መሥሪያ ቤት «የአስታማሚ አሰስመንት» እንሥራልሽ ብሎ ደወለ፣ አስታማሚዋ ራሷ ምን ያህል ጫና እንዳለባት የሚለካ መጠይቅ ማለት ነው። እኔ የመሰለኝ የእማዬን ነገር ሊጠይቁኝ ነው። ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጌ ኪችን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት፣ እማዬ አጠገቤ ቁጭ ብላ ነጭ ሽንኩርት ትልጣለች፣ ልጄ ሶፋ ላይ ነው፣ ሶሻል ወርከሯ በአንድ መስመር፣ አስተርጓሚው ሰውዬ በሌላ መስመር። ጥያቄው ይመጣል፣ ሰውየው ጎላ ባለ ድምጽ በአማርኛ ይለዋል፣

«እናትሽ ከሚያስፈልጋት በላይ እርዳታ ትጠይቅሻለች ወይ?»
«ኧረ የለም።»
«በእናትሽ ጠባይ ታፍሪያለሽ ወይ?»

እማዬ ቀና አለች። እኔ «ኧረ በፍጹም!» አልኩ።

«እናትሽ አጠገብሽ ስትሆን ትናደጃለሽ ወይ?» በፍጹም። «የእናትሽን ነገር ለሌላ ሰው ትቼ በሄድኩ ትያለሽ ወይ?» በስመ አብ! ምን ዓይነት ጥያቄ ነው። መጨረሻ ላይ «በአጠቃላይ እናትሽ ምን ያህል ሸክም ሆናብሻለች?» ሲል እማዬ ሽንኩርቱን አስቀምጣ አየችኝ፣ እውነቴን ነው፣ ያን ቀን ከሌላው ቀን ሁሉ የበለጠ ነቅታ ነበር። «እናቴ እኮ ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን ምንም አይልም» አልኩ። ሰውየው «ምንም» ብሎ ተረጎመ። ተመዘገበ።

ከ88 ነጥብ 11 አገኘሁ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ደብዳቤ መጣ፣ ባጭሩ «ጎበዝ ነሽ፣ ደህና ነሽ፣ ለጊዜው ሌሎች ይቅደሙ» የሚል። እኔም ደስ አለኝ እኮ፣ ፈተና ያለፍኩ ነው የመሰለኝ።

ይሄ ጥያቄ ዛሪት ይባላል፣ ያወጣው ሰው ስም ነው፣ መጀመሪያ በፈረንጅ 1980 ነው የወጣው፣ አሁን በብዙ አገር ይጠቀሙበታል። 22 ጥያቄ ነው፣ ለያንዳንዱ «በጭራሽ» ካልሽ 0፣ «ሁልጊዜ ማለት ይቻላል» ካልሽ 4፣ መሀል ላይ አልፎ አልፎ፣ አንዳንዴ፣ ብዙ ጊዜ አለ። ድምሩ እስከ 20 ከሆነ ብዙም ጫና የለም ይላሉ፣ ከ21 እስከ 40 ቀላል ወይ መካከለኛ፣ ከ41 እስከ 60 ከመካከለኛ እስከ ከባድ፣ ከዛ በላይ ከባድ። እንግዲህ ነገሩን በሀበሻ አይን እዩት። ይሄ ወረቀት ሰው የልቡን ይናገራል ብሎ ነው የተነሳው። እኛ ደግሞ አስፓልት ላይ ወድቀን «ደህና ነህ?» ስንባል «ይመስገን» የምንል ሰዎች ነን። «እንዴት ነሽ» ለኛ ጥያቄ አይደለም፣ ሰላምታ ነው። ስለዚህ 22ቱንም በሰላምታ መለስኩት።

ከዛ ያለው አንድ አመት ከመንፈቅ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። እማዬ ለሊት መነሳት ጀመረች። አንድ ጊዜ በሀበሻ ከለሊቱ 9 ሰዓት ላይ የቤቱ የጭስ ማንቂያ መጮህ ጀመረ፣ ሮጬ ስወርድ ኪችኑ ጭጋግ ነው፣ እማዬ ነጠላዋን አገልድማ ምድጃው ላይ ቡና ትቆላለች፣ ቡናው ከሰል ሆኗል፣ እሷ መጥበሻውን እያወዛወዘች «እንግዳ እየመጣ ምን ያስተኛችኋል» ትለኛለች። የእሳት አደጋ መኪና መጣ፣ ጎረቤት በፒጃማ ወጣ፣ ፋየርማኑ የምድጃውን መክፈቻ ነቅሎ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ፣ «ማታ ማታ እንዲህ አርጊ» አለኝ። ከአንድም ሀኪም የሰማሁት ምክር ያን ያህል አልጠቀመኝም።

ወደ ማታ ላይ ደግሞ ሌላ ነው፣ ጀንበር ስታዘቀዝቅ «ሳይመሽ ቤቴ ልግባ» ትላለች። «ቤትሽ እኮ ነው» ስላት ትቆጣለች። ደሴ፣ ሸዋ በር ጋ የሚጠብቃት ሰው አለ። እኔን እትዬ ትለኛለች፣ ታላቅ እህቷን ማለቷ ነው፣ ነፍሷን ይማርና። በሩ ላይ ቁልፍ ጨመርን፣ እጇ ላይ ስምና ስልክ የተጻፈበት አምባር አደረግንላት። እኔ በቀን አራት ሰዓት ከተኛሁ ብዙ ነው። አንድ ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ ጆርጂያ አቬኑ ላይ ቀይ መብራት ይዞኝ ተኛሁ፣ የኋላው መኪና ጥሩንባ ነው ያነቃኝ። ደም ግፊቴ ወጣ፣ የጡት ምርመራዬን ሁለት አመት ዘለልኩ። ይሄ ሁሉ እያለ ፋይሌ ላይ 11 ከ88 ይላል።

በ2024 መከር ላይ የማስታወስ ክሊኒኩ ጋይድ የሚባል ፕሮግራም ውስጥ እናስገባችሁ አለ። ይሄ ሜዲኬር (መንግሥት ለአዛውንት የሚሰጠው የጤና ኢንሹራንስ) በጁላይ 2024 የጀመረው ነው፣ ለስምንት አመት የሚቆይ ሙከራ ነው፣ የመርሳት በሽታ ላለበት ሰው ብቻ ሳይሆን ለአስታማሚውም ነው የተሠራው፤ አንድ ኬር ናቪጌተር የምትባል፣ የምትመራችሁና የምታገናኛችሁ ሰው ትመደብላችኋለች፣ 24 ሰዓት የሚደወልበት መስመር አለ፣ ለአስታማሚው ስልጠና አለ፣ በሽታው ገፋ ላለ ሰው ደግሞ አስታማሚው እንዲያርፍ በአመት እስከ 2,500 ዶላር ሌላ ሰው ወይ ቦታ ይከፈልላችኋል። አንድ ነገር ግን አስተውሉ፣ ይሄ ለዋናው ሜዲኬር ነው፣ ሀኪም ጋ ሲሄዱ ያን ቀይ ነጭ ሰማያዊ ካርድ ለሚጠቀሙ። አድቫንቴጅ የሚባለው፣ በግል ኢንሹራንስ በኩል የሚሰጠው ውስጥ የገባች እናት አይሆንላትም። የግሮሰሪ ካርድ እንሰጥሻለን ተብላ ስንቷ እናት ምን እንደፈረመች ሳታውቅ ተዛውራለች መሰላችሁ። መጀመሪያ የምትጠቀምበትን ካርድ እዩ።

እንዳልኳችሁ አሰስመንት እንደገና አለ፣ ያው ዛሪት። ይሄኛዋ ነርስ ግን ስትደውል መጀመሪያ ያለችው «እናትሽ የማትሰማበት ሰዓት መቼ ነው?» ነው። ያን ስትለኝ የመጀመሪያው ምን እንደነበር ገባኝ። ቅዳሜ ቤት መጣች፣ ባለቤቴ እማዬን መኪና ውስጥ አስገብቶ ሊያዞራት ወጣ (መኪና ውስጥ ከገባች ደሴ የምትሄድ ስለሚመስላት ዝም ትላለች)። ነርሷ ወረቀቱን ሳታወጣ «ትናንት ማታ ስንት ሰዓት ተኛሽ? ስንቴ ተነሳሽ?» አለችኝ። ስንቴ? ቆጠርኩ። አምስቴ። «ለመጨረሻ ጊዜ ለራስሽ ሀኪም ጋ የሄድሽው መቼ ነው?» ዝም አልኩ። «እናትሽ ላይ የጮህሽበት ቀን አለ?» አለቀስኩ። ማክሰኞ ነበር የጮህኩት፣ ያጠብኩላትን ልብስ ሽንት ቤት ውስጥ ነክራው፣ እሷ ደግሞ የጮህኩበትን ምክንያት አታውቅም፣ ማን እንደጮኸባትም አታውቅም፣ ጥግ ይዛ ብቻ «ይቅርታ እትዬ» ትላለች።

57 ሆነ። ከ11 ወደ 57። እማዬ በዛ ጊዜ ውስጥ ብሶባታል እሺ፣ ግን ግማሹ ያኔም ነበር፣ ያልነበረው የኔ መልስ ነው።

አሁን እናንተ ስትጠየቁ፣ መጀመሪያ ነገር ብቻችሁን ሁኑ። መኪና ውስጥም ቢሆን። እናታችሁ ባትሰማ ልጃችሁ ይሰማል፣ ባላችሁ ይሰማል፣ ባል ሲሰማ ደግሞ ሌላ ዓይነት ጀግና እንሆናለን። ሁለተኛ ቃሉን ያዙት፣ ወረቀቱ ላይ ያለውን ቃል አስተርጓሚዎቹ «ሸክም» እያሉ ነው የሚተረጉሙት፣ ስህተት አይደለም፣ ግን በአማርኛ ሰው ሸክም ነው ማለት ስድብ ነው። «ጫና» ወይም «ድካም» በሉልኝ ብላችሁ ጠይቁ፣ እኔ ሁለተኛው ላይ ለነርሷ ይሄን ነገርኳት፣ ለክሊኒኩ አስተርጓሚዎች አስተላልፋዋለች። ጥያቄው እናታችሁን ትወዳላችሁ ወይ አይደለም። እንቅልፍ ነው፣ ወገብ ነው፣ ብር ነው፣ ሰዓት ነው። እማዬን እንደምወዳት ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔ ነኝ 22 ጊዜ የመለስኩት።

«አንዳንዴ» የሚለው መልስ ላይም ተጠንቀቁ፣ እኛ ሁሉንም አንዳንዴ ነው የምንለው። ያለፉትን ሁለት ሳምንታት በቀን ቁጠሩ። ሦስቴ ነው? አስሬ ነው? ደግሞ አንዳንዱ ጥያቄ በሀበሻ ተገልብጦ ይሠራል፣ ለምሳሌ «ለእናትሽ ከዚህ በላይ ማድረግ ነበረብኝ ብለሽ ታስቢያለሽ?» የሚል አለ፣ እኔ መጀመሪያ ላይ እሱ ብቻ ነው 4 የሰጠሁት፣ ትህትና መስሎኝ፣ ለካ እሱም የጫና ምልክት ነው።

በኋላ ስለ ድብርት ዘጠኝ ጥያቄ ሲጨምሩላችሁም እንደዛው፣ «ጭንቀት የለብኝም፣ ጸሎት አለኝ» አትበሉ፣ ጸሎቱም ይኑር፣ እንቅልፍ ማጣቱም ይነገር።

ሆኖም ወረቀቱ ሁሉን አይይዝም፣ ይሄንንም ልናገር። 22ቱ ውስጥ ጾም የለም። እማዬ እድሜ ልኳን ጾመኛ ናት፣ አሁን ግን በልታ ትረሳለች፣ በአብይ ጾም ፍሪጅ ከፍታ አይብ ስትበላ አይቼ እኔ ነኝ የተንቀጠቀጥኩት፣ ነቅታ ስታስታውስ ደግሞ «ጾሜን አስገደፋችሁኝ» ብላ ታለቅሳለች። የነፍስ አባቷ መጥተው «እናቴ፣ ከእንግዲህ ጾምሽ መድኃኒትሽን መዋጥ ነው፣ እኔ ፈትቼሻለሁ» አሏት፣ እኔንም ለብቻዬ «አንቺም አትጨነቂ» አሉኝ። ያ አምስት ደቂቃ ለኔ ከብዙ ስልጠና በላይ ነው። ጠበልም ወስጃታለሁ፣ ያላመናችሁ ተዉት፣ መድኃኒቷን ግን አላቋረጥኩም። 22ቱ ውስጥ ለቅሶ የለም፣ ሰው ሞቶበት ሳትደርሺለት ስትቀሪ ምን እንደሚባል። 22ቱ ውስጥ ወንድ ረዳት ሲላክ እማዬ ልብሷን ጨብጣ እንደምትጮህ የለም። አዲስ አበባ ላለችው እህቴ በወር የምልከው ብር የለም።

ስለዚህ እኔ የራሴን አሰስመንት ሠራሁ፣ በልጄ የድሮ ደብተር። ሰባት ቀን፣ ለሊቱንም ጨምሮ፣ ምን እንዳደረግኩ በሰዓት። «12፡10 ቀየርኳት። 12፡40 እንቢ አለች፣ ተውኩት። 1፡00 በላች፣ ሩቡን።» እንደዚህ። ሥራ ቦታ ቻርት እንሞላ የለ? ያንኑ ቤት ሞላሁት። ስደምረው ከሥራዬ ውጪ በቀን ወደ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። የዓለም ጤና ድርጅት ቤተሰብ አስታማሚ በአማካይ በቀን 5 ሰዓት ያጠፋል ይላል፣ ከሰዓቱ ደግሞ 70 በመቶውን የሚሸፍኑት ሴቶች ናቸው። 5ቱን ሳነብ ሳቅኩ፣ 70ውን ሳነብ ግን አልሳቅኩም፣ ምክንያቱም እኔ ወንድሞች አሉኝ።

ደብተሩን የወሰድኩት ለነርሷ ብቻ አይደለም፣ እሁድ ቴሌግራም ላይ ቤተሰቡን ሰብስቤ አነበብኩላቸው። አልተቆጣሁም፣ አላለቀስኩም፣ ሐሙስን ከጠዋት እስከ ጠዋት አነበብኩ። ዳላስ ያለው ታላቅ ወንድሜ በየወሩ 200 ዶላር ስለሚልክ የድርሻውን የተወጣ ይመስለው ነበር፣ «ለሊት 9 ሰዓት ላይ ማን ነው የሚነሳው?» አለ። «እኔ።» «ሁልጊዜ?» «ሁልጊዜ።» ከዛ ወር ጀምሮ በሦስት ወር አንዴ አንድ ሳምንት ይመጣል፣ እማዬን እሱ ይዞ ያድራል። መጀመሪያ የመጣ ለት ጠዋት ላይ ፊቱን ብታዩት። እህቴ ደግሞ ከአዲስ አበባ በየቀኑ ማታ በቪዲዮ ትደውላለች፣ ልክ «ቤቴ ልግባ» የምትልበት ሰዓት ላይ፣ ለሷ ለሊት ነው፣ ግን ትነሳለች፣ ስለ ጦሳ ተራራ ስለ ጎረቤት ታወራታለች፣ ያቺ ግማሽ ሰዓት እራት መሥሪያዬ ናት።

ከአሰስመንቱ ምን አገኘሁ? 2,500 ዶላሩ ብዙ ይመስላል፣ በሰዓት 33 ዶላር ብታሰሉት 75 ሰዓት ነው፣ በወር ስድስት ሰዓት ምናምን። ትንሽ ናት፣ ግን ጥቅምት ላይ በመጀመሪያዋ አራት ሰዓት ምን እንዳደረግኩ ታውቃላችሁ? መኪናዬ ውስጥ ተኛሁ። ፓርኪንግ ላይ። በሁለተኛዋ የጡት ምርመራዬን ሄድኩ። እማዬ ሜዲኬይድም (ገቢው ዝቅ ላለ ሰው መንግሥት የሚሰጠው ኢንሹራንስ) ስላላት የቀን መዋያ አገኘን፣ በሳምንት ሦስት ቀን መኪና መጥቶ ይወስዳታል፣ ነርስ አለ፣ አማርኛ የሚናገሩ ሠራተኞች አሉ፣ እንጀራ አለ። በአንዳንድ ስቴት ሜዲኬይድ ልጅየዋን ራሷን አስታማሚ አድርጎ ይከፍላል፣ ያላችሁበትን ጠይቁ። ሥራ ቦታ ደግሞ ኤፍኤምኤልኤ የሚባለውን ሞላሁ፣ በአመት እስከ 12 ሳምንት ሥራችሁን ሳያሳጣ ያለ ክፍያ ፈቃድ ነው፣ ብዙ ሰው ለወሊድ ብቻ ይመስለዋል፣ ለእናትም ይሆናል፣ አንድ ላይ ሳይሆን ቆራርጣችሁ ለቀጠሮ ቀን ልትወስዱት ትችላላችሁ። ድርጅቱ 50 ሠራተኛና ከዛ በላይ ካለው፣ እናንተም አንድ አመት ከሠራችሁና በዛ አመት 1,250 ሰዓት ከሞላችሁ ነው። እኔ ይሄን ሁሉ ጊዜ መብቱን ይዤ የታመምኩ እያስመሰልኩ ነበር የምቀረው።

የለሊት ሰው ግን አላገኘሁም። ደጋግሜ ጠይቄያለሁ፣ የለም።

ፕሮግራሙ ውስጥ መግባት የማትችሉ ወይ ወረቀታችሁ ገና የሆነ፣ አልዛይመርስ አሶሲዬሽን 1-800-272-3900 ላይ ቀን ከለሊት ሰው አለ፣ «አማርኛ» ስትሉ አስተርጓሚ ያገናኟችኋል፣ ስለ ወረቀትም አይጠይቁም። እኔ አንድ ለሊት ደውዬ አርባ ደቂቃ አውርቻለሁ።

ስልጠናው ላይ አንድ ነገር አሉ፣ እጇ የሚያውቀውን ሥራ ስጧት። ምድጃውን ስለነቀልንባት ቡናውን ሰጠኋት። አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና፣ ሰፌድ ላይ። ትለቅማለች፣ ጠጠር የለውም እኮ፣ ከሱቅ የተገዛ ንጹህ ነው፣ ግን እያንዳንዷን ፍሬ ታያታለች፣ የምትጥለው ታገኛለች። ስትጨርስ «ጎበዝ» እላታለሁ፣ ወስጄ እመልሰዋለሁ፣ በማግስቱ ያው ቡና ይመጣል። ስምንት ወር ሙሉ አንድ ኪሎ ቡና እየለቀመች ነው፣ መጀመሪያ ያታለልኳት ይመስለኝ ነበር፣ አሁን አይመስለኝም።

አዲስ አበባ አክስቴን የምታስታምም የአክስቴ ልጅ አለች። እዛ ይሄ ወረቀት አልደረሳትም፣ አንድ እሁድ በስልክ እኔው ጠየቅኳት፣ 22ቱን አይደለም፣ «ትናንት ስንት ሰዓት ተኛሽ» የሚለውን ብቻ። ዝም አለች፣ ከዛ «ሰው ሁሉ እሷ እንዴት ናት ነው የሚለኝ» አለች። ቆይታ ደግሞ «እኔስ ደህና ነኝ፣ ለሊት የምትነሳው ሠራተኛዋ ናት» አለችኝ። ሠራተኛዋ አስራ ዘጠኝ አመቷ ነው። እሷንስ ማን ጠየቃት? ስልኩን ስጪኝ አልኳት፣ ልጅቷ ግራ ገብቷት «አቤት እትዬ» አለች፣ የሚጠየቅ ሰው መሆኗን አታውቅም። ከዛ ጀምሮ እሁድ እሁድ ታርፋለች፣ የአክስቴ ልጅ ራሷ ታድራለች።

የኔ ቀጣይ አሰስመንት በቅርቡ ነው፣ ደብተሩን ከአሁኑ ጀምሬዋለሁ። የትናንቱ መስመር እንዲህ ይላል፦ «ለሊት 9፡15፣ ተነሳች። ሰፌዱን ይዛ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ቡናው ተለቅሟል፣ ማነው የሚቆላው አለችኝ። 9፡50 ተኛች። እኔ 11።»